2,721 እና 2,742፦ የፓውሊ መርህ ጎንደር ክፍል ውስጥ ሲመረመር

ይህ የጉዳይ ጥናት በሁለት ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው፤ 2,721 እና 2,742። የፓውሊ መርህ ይጣስ እንደሆነ ለማየት የተቆጠሩ ኤክስሬዮች ብዛት ናቸው፤ የተቆጠሩትም ሮም አጠገብ ባለችው ፍራስካቲ፣ በጣሊያን ብሔራዊ የኒውክለር ፊዚክስ ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ውጤቱ የታተመው በ2006 ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ ጎንደር ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክበብ፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡና ምን እንደሚሉ በራሳችን ሒሳብ ለማየት ቁጭ አልን። የክበቡ ልጆች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የላቦራቶሪ ዕቃችን ውስን ነው። ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ካልኩሌተርና ቅዳሜ ከሰዓት ግን አለን።

ነገሩን የቀሰቀሰችው አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኬሚስትሪ ላይ የፓውሊን የማግለል መርህ ተምረዋል። በአንድ አቶም ውስጥ የሁለት ኤሌክትሮኖች አራቱም የኳንተም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም ይላል። ፈተና ላይ ስለሚመጣ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። እሷ ግን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሞክሮ ያየው ሰው አለ? ወይስ ስለተባለ ብቻ ነው የምናምነው?» አለች።

በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ «ሕግ ነው» ብሎ ማለፍ ልጅን መበደል ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ጥያቄው ትክክለኛ መልስ አለው። ሞክረው ያዩ ሰዎች አሉ። እስከምን ድረስ እንዳዩም በቁጥር ተናግረዋል።

መጀመሪያ ግን መርሁ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመ ማየት ነበረብን። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ያቀረበው በ1925 ነው፤ በ1945 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሊቲየምን እንውሰድ። ሦስት ኤሌክትሮኖች አሉት። ሁለቱ ከኒውክለሱ አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ሼል ይቀመጣሉ። ሦስተኛው እዚያ መግባት ስለማይችል ወደ ሁለተኛው ሼል ይወጣል። ሊቲየም በቀላሉ ከሌላው ጋር የሚዋሃደው በዚህ በውጭ ባለው ኤሌክትሮን ምክንያት ነው። መርሁ ባይኖር የሁሉም አቶም ኤሌክትሮኖች ታች ተከማችተው በቀሩ ነበር። ፔሪዮዲክ ቴብል የሚባል ነገር አይኖርም። ፍሪማን ዳይሰንና አንድሪው ሌናርድ በ1967 እንዳሳዩት፣ ብዛት ያለው ቁስ ራሱ ሳይጨማደድ ተረጋግቶ የሚኖረው በዚህ መርህ የተነሳ ነው። እግራችን ወለሉን አልፎ የማይሰምጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ይህን ያህል ነገር የቆመበት መርህ ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፓውሊ ራሱ በ1946 ስቶክሆልም ላይ ባደረገው የኖቤል ንግግር፣ መርሁን ከሌሎች ይበልጥ መሠረታዊ ከሆኑ ሐሳቦች በሎጂክ ማውጣት እንዳልቻለ በግልጽ ተናግሯል። በ1940 መርሁን ከኤሌክትሮን ስፒን ጋር የሚያያይዝ ማረጋገጫ አቅርቦ ነበር። ማረጋገጫው ግን በራሱ ግምቶች ላይ የቆመ ነው። ግምቶቹ አንድ ቦታ ላይ ቢሳሱ መርሁም አብሮ ይሳሳል። ፊዚክስ ውስጥ ሁሉም ያመነበት ነገር የወደቀበት ጊዜ ደግሞ አለ። ተፈጥሮ ግራና ቀኝ አትለይም የሚለው እምነት በ1956 በሁለቱ የፊዚክስ ሊቃውንት በሊና በያንግ ጥያቄ ተነሳበት። በቺየን ሺዩንግ ዉ የኮባልት ሙከራም ፈረሰ፤ ውጤቱ በ1957 ታተመ። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ የዋህ ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ሙከራው። ቁሱ መዳብ ነው። በመዳብ አቶም የመጀመሪያ ሼል ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ቦታው ሞልቷል። አንዱ ተገፍትሮ ቢወጣና ከሁለተኛው ሼል ሌላ ቢወርድ 8.05 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ይወጣል። ይህ የታወቀ ነው። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች እዚያው እያሉ ሦስተኛ ቢገባ ግን መርሁ ተጣሰ ማለት ነው። ያኔም ኤክስሬይ ይወጣል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 7.7 ዝቅ ይላል። ምክንያቱም ቀድመው የገቡት ሁለቱ የኒውክለሱን ስበት በከፊል ይጋርዱበታል። ልዩነቱ 300 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በጥሩ መሣሪያ ይለያል። ስለዚህ ሥራው 7.7 ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ሌላ ተማሪ ያነሳው ነገር ከጥናቱ ሁሉ ትልቁን ክፍል ወሰደብን። «ቲቸር፣ ታዲያ አንድ የመዳብ ሽቦ አስቀምጦ ማየት አይበቃም? መዳቡ እኮ ለስንት ሺህ ዓመት እዚያው ነበር።» ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። አይሠራም።

በአንድ አቶም ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች አንዱ ከሌላው ጨርሶ አይለይም። በመካከላቸው የሚሠራ ማንኛውም ኃይል ሁሉንም እኩል ነው የሚያያቸው። በዚህ የተነሳ በመካከላቸው ያለው ሥርዓት አንዴ እንደ ፓውሊ ከሆነ፣ ከውስጥ የሚነሳ ምንም ነገር ሊለውጠው አይችልም። ይህን በ1964 ያስቀመጡት ሜሲያና ግሪንበርግ ናቸው። አብረው የኖሩትን ኤሌክትሮኖች ዕድሜ ልክ ብንጠብቃቸው ሥርዓታቸውን አይለውጡም። መርሁ ትንሽ እንኳ ክፍተት ካለው ክፍተቱ ሊታይ የሚችለው ለዚያ አቶም አዲስ የሆነ ኤሌክትሮን ከውጭ ሲመጣ ነው። መጤው ከነባሮቹ ጋር የሚመሠርተው ሥርዓት ገና አልተወሰነም። ምናልባት እጅግ አልፎ አልፎ የተሳሳተውን ሊይዝ ይችላል።

ይህን ሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ አስረድቼ ነው የገባቸው። መምህራን ይህን ጉዳይ ለማስተማር ካሰባችሁ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። ሌላው ሒሳብ ነው።

አዲስ ኤሌክትሮን ከየት ይመጣል? ከኤሌክትሪክ ጅረት። ሐሳቡን በተግባር ያዋሉት ራምበርግና ስኖው ናቸው። በ1990 ባሳተሙት ሥራ በመዳብ ውስጥ ጅረት እያሳለፉ የተከለከለውን ኤክስሬይ ፈለጉ። አላገኙም። የጥሰቱ ዕድል ከ1.7 × 10⁻²⁶ አይበልጥም አሉ። የፍራስካቲው ሙከራ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ አሻሻለው። ስሙ ቪፕ ነው፤ ቡድኑን የምትመራው ካታሊና ኩርቻኑ ናት። መዳቡ እንደ ቱቦ ተጠቅልሏል። ቁመቱ 8.8 ሴንቲሜትር፣ ሬዲየሱ 4.5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮሜትር። ዙሪያውን ኤክስሬይ የሚለዩ 16 ሲሲዲዎች አሉ። በመዳቡ ውስጥ 40 አምፔር ያልፋል። ሠፈራችን ውስጥ ያለ 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። 40 አምፔር ማለት ከሁለት ምጣድ በላይ ነው፤ ያውም ከወረቀት በሳሳ መዳብ ውስጥ።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄድን። አንድ አምፔር በሰከንድ 6.24 × 10¹⁸ ኤሌክትሮን ነው። 40 አምፔር 2.5 × 10²⁰ ይሆናል። ጅረቱ በርቶ የቆየው ለ14,510 ደቂቃ ነው፤ አሥር ቀን ያህል። አባዙት። 2.17 × 10²⁶ አዲስ ኤሌክትሮን። እያንዳንዱ ደግሞ መዳቡን ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ ይጋጫል። መዳብ ውስጥ በሁለት ግጭት መካከል ያለው ርቀት 39 ናኖሜትር ነው። 8.8 ሴንቲሜትርን ለዚህ ብናካፍል 2.26 ሚሊዮን ግጭት ይሆናል። እንደገና አባዙት። 4.9 × 10³² መጣ። በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። ማንም አልተነሳም፤ ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አስጠግተን ቀጠልን።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆጠር አይደለም። ተመራማሪዎቹ ከአሥር ግጭት አንዱ ብቻ ኤሌክትሮኑን አቶሙ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል ብለው ወሰዱ። ከሚወጣው ኤክስሬይ ደግሞ መቶኛው ብቻ ነው መሣሪያው ላይ ደርሶ የሚመዘገበው። ሁለቱን ቀንሰን 4.9 × 10²⁹ ቀረን። ይህ «ኤሌክትሮኑ መርሁን እንዲጥስ ስንት ዕድል ሰጠነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ስንቱን ተጠቀመበት? አሁን ሁለቱ ቁጥሮች ይመጣሉ። ጅረቱ በርቶ፣ 7.7 አካባቢ 2,721 ተቆጠረ። ጅረቱ ጠፍቶ፣ ለዚያው ያህል ጊዜ፣ 2,742 ተቆጠረ።

ክፍሉ ተንጫጫ። «ሲበራ አነሰ እኮ!» አንዱ ጅረቱ ጨረሩን ዋጠው ወይ አለ። ሌላው መሣሪያው ተበላሽቷል አለ። ከልባቸው ነው የተከራከሩት። እኔም ወዲያው አልመለስኩም። አንድ ካርቶን ላይ አሮጌ ጨርቅ ዘርግተን በከሰል ካሬዎች ሠራን። ጨርቁ ምስሩ እንዳይነጥር ነው። ከዚያ ምስር ከላይ በተንን። ምስሩ ጅረቱ ቢጠፋም መሣሪያው የሚቆጥረው ያልተፈለገ ጨረር ምሳሌ ነው።

መጀመሪያ በብዙ በተንን፤ በአንዱ ካሬ መቶ ገደማ እንዲያርፍ። ቆጠሩ። አንዴ 94፣ አንዴ 108፣ እንዲህ እያለ ይዋዥቃል። ማንም ሳይነካው። ቀጥሎ አንድ ካሬ ላይ ስድስት ምስር በድብቅ ጨመርኩና የቱ ላይ ነው አልኳቸው። ሊያውቁ አልቻሉም። ሁለተኛ ዙር ግን ቆንጥሬ ነው የበተንኩት፤ በየካሬው አንድ ወይም ሁለት፣ አንዳንዱም ባዶ። እንደገና ስድስት ጨመርኩ። ገና ካርቶኑን ሳላስቀምጠው ጣታቸውን ቀሰሩበት።

ሒሳቡ አጭር ነው። አንድ ነገር በአማካይ 100 ጊዜ ከሆነ በየጊዜው 10 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ የ100 ስኩዌር ሩት። የ2,721 ስኩዌር ሩት 52 ነው። የ2,742ም እንደዚሁ። ሁለቱ ሲቀናነሱ መዋዠቁ 73 ይሆናል። የተገኘው ልዩነት ከዜሮ በታች 21 ነው። ከ73 ጋር ሲተያይ ከዜሮ የሚለይ አይደለም። ጅረቱ ምንም አልጨመረም፤ ምንም አልዋጠም።

«እና ዜሮ ነው ውጤቱ?» አለች ያችው ተማሪ፣ ትንሽ ቅር ብሏት። እዚህ ላይ ነው ለእኔ የጉዳዩ ልብ ያለው። ምንም አላየንም ማለት ብቻውን ባዶ ወሬ ነው። ይህን ያህል ፈልገን ምንም አላየንም ማለት ግን ዕውቀት ነው። የመዋዠቁ ሦስት እጥፍ 219 ነው። ከ219 በላይ እውነተኛ ጥሰት ቢኖር ኖሮ ልንስተው በጣም ይከብድ ነበር። 219ን ለ4.9 × 10²⁹ አካፈሉት። አንደኛው ልጅ ካልኩሌተሩን ቀና አድርጎ አነበበው፤ 4.5 × 10⁻²⁸። ተመራማሪዎቹ ያሳተሙት ቁጥር ይኸው ራሱ ነው። ከነጥብ በኋላ 27 ዜሮ፣ ከዚያ 45። የፓውሊ መርህ ቢጣስ እንኳ ከዚህ በበለጠ አይጣስም። ከራምበርግና ስኖው ገደብ 40 ጊዜ ያህል የጠበቀ ነው።

የፊዚክስ መጻሕፍቶቻችን ይህን ቁጥር ከመርሁ ጎን ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት? ተማሪ መርሁን ብቻ ሲያገኝ እምነት ይይዛል። ቁጥሩን ጨምሮ ሲያገኝ ሰው ደክሞ ያረጋገጠው ነገር መሆኑን ያያል። የቀረውን መሥራት እንደሚቻልም ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ እንዴት ይሻሻላል የሚለው ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ረዘም አድርጎ መጠበቅ አሉ። አሰላነው። ዕድሉ ከጊዜው ጋር እኩል ያድጋል፤ መዋዠቁ ግን በጊዜው ስኩዌር ሩት ያድጋል። ስለዚህ ገደቡን አሥር ጊዜ ለማሻሻል መቶ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። አሥር ቀኑ ሺህ ቀን ይሆናል፤ ጅረት ጠፍቶ ለሚቆጠረውም ሌላ ሺህ ቀን። አምስት ዓመት ተኩል ገደማ። የሚሻለው ምስሩን መቀነስ ነው፤ ማለትም ያልተፈለገውን ጨረር።

ያልተፈለገው ጨረር ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ከጠፈርና ከዙሪያው ቁስ። ባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ሚዩኦን የሚባል ቅንጣት ከሰማይ መጥቶ ያልፋል። በካሬ ሜትር በሰዓት 600,000 ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች እኛ ጋ ከዚህም ይበዛል። ቪፕ በ2006 ወደ ግራን ሳሶ ተዛወረ። ይህ በላኲላና በቴራሞ መካከል ባለው የመኪና መንገድ ዋሻ ጎን የተሠራ ላቦራቶሪ ነው። በላዩ 1,400 ሜትር ድንጋይ አለ። እዚያ ሚዩኦኑ በካሬ ሜትር በሰዓት ወደ አንድ ይወርዳል። ውጤቱም 4.7 × 10⁻²⁹ ደረሰ፤ አሥር ጊዜ ያህል የተሻለ።

ይህን ስነግራቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል «ሰሜን ተራሮችስ?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድንጋዩ አለን። ግራን ሳሶ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ዩራኒየምና ቶሪየም ያነሰበት ነው። የሰሜን ተራሮች ባዛልት ደግሞ በአብዛኛው ከግራናይት ያነሰ ጨረር አለው። ጣሊያን ግራን ሳሶን መሥራት የቻለችው ግን አስቀድሞ ለመኪና ታስቦ የሚቆፈር አሥር ኪሎሜትር ዋሻ ስለነበራት ነው። ላቦራቶሪው ከጎኑ ተጨመረ። ለሳይንስ ብቻ ብሎ ተራራ የሚቦረቡር አገር ጥቂት ነው። ሰሜን ተራሮች ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዋልያውን የሚያውክ ቁፋሮ እኔ አልደግፍም። ልጆቹ በዚህ አልተስማሙኝም። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ቪፕ-2 የሚባለው ተከታይ ሙከራ ሲሲዲዎቹን ሲሊከን ድሪፍት ዲቴክተር በሚባሉ ተካ። እነዚህ ጉልበትን በተሻለ ይለያሉ። ኤክስሬዩ መቼ እንደመጣም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከጠፈር ቅንጣት ጋር አብሮ የመጣውን መጣል ይቻላል። ጅረቱ ወደ 100 አምፔር ከፍ ብሏል። ግቡ 10⁻³¹ ላይ መድረስ ነበር።

ያቺ ተማሪ ግን ገና አልጨረሰችም። «ቲቸር፣ ከአሥር ግጭት አንዱ ያልነው ከየት መጣ?» አለች። ከሒሳቡ ሁሉ ደካማውን ቦታ ነው ያገኘችው። ራምበርግና ስኖው በጥንቃቄ የወሰዱት ግምት ነው፤ ቪፕም ተቀበለው። አይቼ አላለፍኩትም፤ ግምት መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከዚህ የባሰም አለ። 2.26 ሚሊዮን ግጭት ያልነው ኤሌክትሮኑ መዳቡን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል ብለን ነው። ኤሌክትሮን ግን እንደዚያ አይሄድም። በየግጭቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ወደፊት የሚገፋው እጅግ በዝግታ ነው።

ስንት ያህል በዝግታ? እሱንም አሰሉት። የቱቦው ዙሪያ 28 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 50 ማይክሮሜትር። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር መዳብ ውስጥ 8.5 × 10²⁸ ነፃ ኤሌክትሮን አለ። በ40 አምፔር ወደፊት የሚሄዱት በሰከንድ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 8.8 ሴንቲሜትሩን ለመጨረስ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ግን ወዲያ ወዲህ የሚሮጡት በሰከንድ 1.6 ሚሊዮን ሜትር ነው። ጠቅላላ የሮጡት መንገድ ከመሬት እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣል። ግጭቱ 2.26 ሚሊዮን ሳይሆን ወደ 10¹⁶ ይጠጋል።

የቡድኑ አባላትም በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ተከትለው ሒሳቡን እንደገና ሠርተውታል፤ ገደቡም በብዙ እጥፍ ጠበቀ። ልጆቹ የተከፈሉት እዚህ ላይ ነው። ግማሾቹ አዲሱ ቁጥር ይጻፍ ይላሉ፤ ኤሌክትሮን በእውነት የሚሄደው እንደዚያ ነውና። እሷና ሌሎቹ ደግሞ 4.5 × 10⁻²⁸ ይቅር ይላሉ፤ ያነሰ ግጭት ስለሚቆጥር ሊያጋንን አይችልም፣ እያንዳንዱ ግጭት እኩል አዲስ ዕድል ነው ወይ የሚለውም ገና መመለስ አለበት ባይ ናቸው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የክበቡ የግድግዳ ፖስተር ላይ ሁለቱም ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው ከተመሠረቱበት ግምት ጋር፣ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ተስማምተናል።